ክረምት የተሠራ ጠረጴዛ በጋ ላይ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ “ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምኖር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ትርፍ ጊዜዬን ስልክ ላይ ከምጨርሰው ብዬ እንጨት ሥራ ጀመርኩ። ነሐሴ ላይ የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዝቼ የምግብ ጠረጴዛ ሠራሁ። ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። ታኅሣሥ ላይ ግን ፊቱ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። አንዱ ጥግ ወደ ላይ ተነሣ። እግሮቹም መወላገድ ጀመሩ። ምን አጥፍቼ ነው? ከዚህ በኋላ የትኛውን እንጨት ልጠቀም? ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ማሽን ልግዛ ወይስ የእጅ መሣሪያ? ደግሞ የግቢው ባለቤት እማማ በሰንበት ሲንኳኳ ደስ አይላቸውም። ምን ይመክሩኛል?”

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አይዞህ። እጅህ አላጠፋም። ጉድ የሠራህ ጣውላው ነው፤ ገና ሳይደርቅ ሥራ ላይ አዋልከው። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስሠራና ሳስተምር ከሰማኋቸው ቅሬታዎች ሁሉ የሚበዛው ይኼው ያንተ ነው። “ቆንጆ አድርጌ ሠርቼው ነበር፣ በጋ ሲገባ ጉድ ሠራኝ” ይላል ሰው። ስለዚህ ስለ ውኃው በደንብ እናውራ። እሱ ከገባህ የቀረው ጥያቄህ ግማሹ በራሱ ይመለሳል።

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከደረቅ ክብደቱ ጋር የሚቀራረብ ውኃ ሊሸከም ይችላል። መጀመሪያ የሚወጣው በእንጨቱ ባዶ ክፍተቶች ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ይኼ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ ብዙ አይጠብም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዚያ በታች የሚወጣው የእንጨቱ ግድግዳ ራሱ የጠጣው ውኃ ነው። መኮማተር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንጨት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። የታሰረ የሰንበሌጥ ነዶ አስብ። ሰንበሌጡ ሲደርቅ እስሩ ይላላል፣ ነዶው ይቀጥናል፣ ቁመቱ ግን ያው ነው። እንጨትም እንደዚያ ነው። በቁመቱ የሚያጥረው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በጎኑ ግን ይጠባል። በጎኑም ቢሆን የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚጠበው፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚጠበው እጥፍ ገደማ ነው። ጣውላ የሚጣመመው፣ የሚጎብጠው፣ እንደ ሳህን የሚጎደጉደውም በዚህ መበላለጥ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛህ እንምጣ። ነሐሴ ላይ እርጥብ ጣውላ ገዛህ። ፊቱን በሁለት በኩል ካለው ማገር (እግሮቹን ከሚያያይዘው አግዳሚ እንጨት) ጋር በሚስማር ጥርቅም አድርገህ መታኸው። መስከረም አለፈ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ደረቅ ነፋስ መጣ። ጣውላው ሊጠብ ፈለገ። ሚስማሩ ግራና ቀኝ ይዞ አላንቀሳቅስም አለው። ስለዚህ መሃሉ ተቀደደ። ሌላ መውጫ አልነበረውም። እግሮቹም ራሳቸው ስለቀጠኑ ሚስማሩ በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ቀረ። ለዚህ ነው የሚወላገዱት። ጥጉ የተነሣው ደግሞ ባሕር ዛፍ ስለሆነ ነው። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲያድግ ግንዱ ውስጥ ብዙ ውጥረት ያጠራቅማል። ግንዱ ወደ ጣውላ ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይፈታና ጣውላው ይዞራል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በሚገባ የደረቀ እንጨትም ቢሆን ሞቶ አይቀመጥም። የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን እንጨት ውስጥ ያለው ውኃ ወደ 8 በመቶ አካባቢ ይረጋል። አየሩ 80 በመቶ ሲደርስ እንጨቱ ወደ 16 ይወጣል። የእኛ አገር በጋና ክረምት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው የሚመላለሰው። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በዚህ መመላለስ ብቻ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። ሰኔ ላይ አልዘጋ ያለህ በር፣ ጥር ላይ ብርሃን የሚያስገባው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሥራህ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማድረቅ። ሁለተኛ፣ ደርቆም ለሚንቀሳቀሰው እንጨት መንቀሳቀሻ መተው።

ማድረቁ ከባድ አይደለም። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ጣውላህን ጥቅምት ላይ ግዛ። ክረምቱ ወጥቷል፣ የመጋቢት ደረቅ ነፋስ ገና አልመጣም። ባሕር ዛፍ ቀስ ብሎ መድረቅ ይወዳል። ፀሐይ ላይ ብታሰጣው ውጪው ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ፊቱ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። አንዳንዴ ደግሞ ውስጡ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ጣውላው የታረሰ መሬት መስሎ ይወጣል። ይኼ ከደረሰ በቀላሉ አይመለስም።

ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ፈልግ። የቤትህ ጀርባ ጣራ ሥር ይበቃል። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ድንጋይ ወይም ብሎኬት አስቀምጥ። ጣውላውን ደርድር። በየድርድሩ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ ቁርጥራጮች በየ50 ሳንቲ ሜትሩ አግባ። እነዚህ ቁርጥራጮች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። እዚህ ላይ ሰው ይሰንፋል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ከሆነ ጣውላው በመሃሉ ይጎብጣል። የጣውላዎቹን ሁለት ጫፍ ያረጀ የዘይት ቀለም ቀባቸው። እንጨት ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በኩል በጣም ፈጥኖ ውኃ ስለሚያወጣ ጫፉ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከላይ ከባድ ድንጋይ ጫንበት። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ ከ3 እስከ 6 ወር ስጠው።

“መድረቁን በምን አውቃለሁ?” ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ግን የወጥ ቤት ሚዛንም ይበቃሃል። ከጣውላው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለህ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጥ። ወዲያው መዝነው። 120 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ኦቨን ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጠህ በየሰዓቱ እያወጣህ መዝን። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። 80 ግራም ላይ ቆመ እንበል። የወጣው ውኃ 40 ግራም ነው። 40ን ለ80 አካፍል፤ 50 በመቶ። ያ ጣውላ ለጠረጴዛ አልደረሰም። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲሆን ነው እጅህን የምታሳርፍበት። ኦቨን ከሌለህ ሌላ መንገድ አለ። አንዱን ጣውላ ለይተህ በየሳምንቱ መዝነው። ቀኑንና ኪሎውን በእርሳስ እዚያው ጣውላው ላይ ጻፍ። ቁጥሩ ለተከታታይ ሳምንታት አልንቀሳቀስ ካለ አየሩ ሊያወጣው የሚችለውን አውጥቷል።

አሁን የትኛው እንጨት?

ጎጃም ውስጥ በእጅ የምታገኘው ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ዛሬ ቤቱም፣ አጥሩም፣ ማገዶውም እሱ ነው። አልጠላውም። ጠንካራ ነው፣ ተባይ ያላገኘው ከሆነ ዕድሜ አለው። ግን ለጀማሪ የቤት ዕቃ ከባዱ አስተማሪ ነው። ከገዛህ ከወፍራምና ካረጀ ግንድ የወጣ ጣውላ ፈልግ። ለአጠና የሚቆረጠው ቀጭን ግንድ ጣውላ ሲሆን መከራ ነው። የእንጨቱ እምብርት ያለበትን ጣውላ አትውሰድ፤ መሰንጠቁ አይቀርም።

እንጨት ተራ ስትሄድ ጣውላውን በፊቱ ብቻ አይተህ አትግዛ። አንሣና ጫፉን ተመልከት። ጫፉ ላይ የዕድገት መስመሮች ታያለህ። ባሕር ዛፍ ላይ ደብዘዝ ይላሉ፤ ምራቅህን ብትቀባው ይወጡልሃል። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ማለትም ከጣውላው ፊት ወደ ጀርባው የሚያልፉ ከሆነ፣ ያ ጣውላ ብዙ አይጎብጥም። መስመሮቹ ተኝተው እንደ ቀስት ከታጠፉ ይጎብጣል። ከአንዱ ክምር ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። ዋጋቸውም አንድ ነው። ቀስ ብለህ ስትመርጥ ነጋዴው “አይ አንተ ሰው” ቢልህም አትፈር። ከዚያ ጣውላውን ዓይንህ ሥር አድርገህ በቁመቱ እይበት። ቀጥ ያለ ነው? ጥጎቹ እኩል ናቸው? ይኼን ሳታይ ገንዘብ አታውጣ።

ለመጀመሪያ ሥራህ እኔ የምመርጥልህ የፈረንጅ ጥድ ነው። ለስላሳ ነው፣ ለመጋዝም ለመላጊያም ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አያስቸግርም። ቋጠሮ ይበዛበታል፤ እሱን እየተሻገርክ ቁረጥ። ሁለተኛው ግራቪሊያ ነው። በየእርሻው ዳር፣ በየቡና ጥላው የተተከለ ነው። ሲላግ ነጠብጣብ የሚመስል የሚያብረቀርቅ መልክ ያወጣል፤ ደስ ይላል። አንዳንድ ሰው ግን ቆዳው ላይ ያሳክከዋል። የተጋለጠ ክንድህ ላይ ሽፍታ ካየህ እጀ ሙሉ ልበስ።

ዋንዛ? ዋንዛን የማይወድ አናጺ አላውቅም። ገበቴው፣ ከበሮው፣ አባቶቻችን የተቀመጡበት ዱካ ከሱ ነው። በጣም ይረጋል። ሲላግ እጅ ላይ ቅቤ ነው። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የአገር ጥድ እየሳሱ የሄዱ ዛፎች ናቸው፤ ከመንግሥት ደን መቁረጣቸውም የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ አትግዛ። ከገበሬ ማሳ የተቆረጠና ወረቀት ያለው ከሆነ ግዛ። እንዲያውም አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ ዋንዛ ካገኘህ እሱን አትለፍ። ለዓመታት የደረቀ ነው። ከዚያ የተሻለ እንጨት በገንዘብ አይገኝም። ሚስማሩን ብቻ አንድ በአንድ ንቀል፤ ስለትህን ይበላብሃል።

ወይራ ለመያዣና ለመዶሻ ይሁን። አዊ በኩል በብዛት የሚተከለው ዲከረንስ ለከሰል ነው፤ ለጣውላ አትልፋ። ቀርከሃ የራሱ ጥበብ አለው። እንጅባራ ሄደህ ባለሙያዎቹን ብታያቸው ነው የሚሻለው፤ እዚህ በሁለት መስመር አይጨረስም። ቺፑድና ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ የሚሠሩት ሰሌዳዎች) አይጣመሙም፤ ግን ውኃ ነካቸው ማለት አበጡ ማለት ነው። ብሎን ሁለቴ ከፈታህባቸውም አይዙም።

ወደ መሣሪያው እንለፍ። ማሽን አትግዛ። ገና አሁን አትግዛ። ምክንያቴ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማሽን የምትፈልገው ምን መሥራት እንደምትወድ ካወቅክ በኋላ ነው። ደግሞ መብራቱ ይጠፋል፣ ግቢው ይረበሻል፣ አቧራው ቤት ይገባል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ፦ ግራይንደር ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለው ዲስክ ገጥመህ እንጨት አትቁረጥ። በየቦታው ሲደረግ ታየዋለህ። ያ መሣሪያ ለብረት ነው። እንጨት ውስጥ ሲነክስ ከእጅ ፈልቅቆ ይወጣል። ጣት የቀረባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። የባንክ ሥራህ በጣትህ ነው።

የሚያስፈልግህ ይኼ ነው፦ ጥርሱ ደቀቅ ያለ የእጅ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሁለት መሮ (አንዱ 12፣ አንዱ 25 ሚሊ ሜትር)፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ማስመሪያ)፣ ሜትር፣ መዶሻ፣ ሁለት ሞርሳ (ሥራውን አጥብቆ መያዣ)። ስኳድራህን ሱቅ ውስጥ ፈትነው። ቀጥ ባለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስጠግተህ መስመር አስምር። ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ላይ እንደገና አስምር። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ትክክል ነው። ከተለያዩ ሌላ ይስጥህ። ሞርሳ ካጣህ ገመድና ዱላ ይሠራል። ገመዱን በሥራህ ዙሪያ አስረህ በዱላ ጠምዝዘው። ሽብልቅም ጥሩ ነው።

አሁን የምነግርህን ግን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ከሱቅ የመጣ መሮና መላጊያ ለሥራ ዝግጁ አይደለም። መሳል አለበት። ለዚህ ውድ ድንጋይ አያስፈልግህም። የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች ውኃ የማያበላሸው ብርጭቆ ወረቀት አላቸው። 400፣ 1000 እና 2000 ቁጥር ግዛ። ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ ውኃ ረጭተህ ወረቀቱን አንጥፍ። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ፣ ማለትም ጠፍጣፋውን ጎን፣ ጥርግ አድርገህ አስተኛና እሸው። ከስለቱ አጠገብ ያለው አንድ ጣት ያህል ቦታ አንድ ዓይነት እስኪያብለጨልጭ ድረስ አትተው። ቀጥሎ ዞረህ ዘንበል ያለውን ጎን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አድርገህ ሳል። ጀርባውን በአውራ ጣትህ ወደ ውጭ ስትዳስስ አንዳች ቀጭን ነገር ይይዝሃል። ያ ወደ ኋላ የተቀለበሰው ብረት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተሰማህ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፍ። 2000 ላይ ከጨረስክ በኋላ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ጥቂት ጊዜ ጎትተው። ፈተናው ይኼ ነው፦ የፈረንጅ ጥድ ቁራጭ ጫፉን በእጅህ ብቻ ገፍተህ ቁረጥ። የተቆረጠው ቦታ የሚያበራ ከሆነ ተስሏል። ከተቦጫጨቀ አልተሳለም። ያልተሳለ መሮ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት የበዛበት መሮ ደግሞ ስቶ እጅ ይወጋል።

ቀጥሎ ምን ትሠራለህ? ጠረጴዛ አይደለም። ረከቦት ሥራ። ከልቤ ነው። ረከቦት ትንሽ ነው፣ ሰፊ ጣውላ አይጠይቅም። ግን እግርም፣ ማገርም፣ ፊትም አለው። የጠረጴዛ ችግር ሁሉ በትንሹ እሱ ላይ አለ። ከተሰነጠቀው ጠረጴዛህ ቁርጥራጭ ይወጣልሃል። ርዝመቱን 60፣ ስፋቱን 40፣ ቁመቱን 25 ሳንቲ ሜትር አድርገው። ለፊቱ አንድ ሰፊ ጣውላ ከማድረግ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቀጫጭን ጣውላዎች ደርድር። በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። እያንዳንዷ ጣውላ በመሃሏ ብቻ በአንድ ብሎን ትያዝ። እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ ክፍተቷ ውስጥ ይጫወታል፤ ማንም አያውቅበትም።

እግሩን ከማገሩ ጋር በሚስማር አታያይዝ። ማገሩ ጫፍ ላይ ምላስ አውጣ፣ እግሩ ላይ ለምላሱ ልክ የሆነ ጉድጓድ በመሮ ቆፍር። የምላሱ ውፍረት ከማገሩ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ይሁን። ጉድጓዱን ቀድመህ ቆፍር፣ ምላሱን በኋላ ለጉድጓዱ እያስለካህ ላግ። ተገልብጦ ከተሠራ ልክ አይመጣም፤ ከምላስ መላግ ይቀላል፣ ጉድጓድ ማጥበብ ግን አይቻልም። በእጅህ ስትገፋው በጥንካሬ ገብቶ ያለ ኮላ ብታንጠለጥለው የማይወድቅ ከሆነ ጨርሰሃል። ከዚያ ነጭ ኮላ ቀብተህ አጥብቀው።

ስለ ኮላ አንድ ነገር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ይበርዳል። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን በደንብ አይያዝም። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት መስሎ ይቀራል፣ ኋላ ደግሞ ይለቃል። ስለዚህ የማጣበቅ ሥራህን ቅዳሜ ወደ እኩለ ቀን አድርገው። ሞርሳውን ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆየው፤ እስከ ማግስቱ ድረስ ክብደት አትጫንበት።

ጠረጴዛ ስትሠራ ደግሞ የፊቱ ጣውላዎች በኮላ ተያይዘው አንድ ሰፊ ፊት ይሆናሉ፤ ይኼ ችግር የለውም። ችግሩ ያን ፊት ከማገሩ ጋር ማያያዙ ላይ ነው። በብሎን እሰረው፤ ግን ማገሩ ላይ ብሎኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርግ። ሞላላው አቅጣጫው በጠረጴዛው ስፋት ይሁን፤ እንጨቱ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። የመሃሉን ብቻ ክብ ተውለት። እንዲህ ስታደርግ ፊቱ መሃሉ ተይዞ ወደ ሁለቱ ጎን በነፃነት ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ቀለሙን ስታስብ ቫርኒሽ ብቻ አይታይህ። ጎጃም የተልባና የማር አገር ነው። የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ አየር ሲያገኝ ይጠናከራል። ሰም ደግሞ ከላይ ይሸፍናል። ጠጅ ጣዮች የሚያወጡት ሰፈፍ ሲነጠር ጥሩ ሰም ይወጣዋል። አራት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ ሰም መዝን። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣደው። ድስት ውስጥ ውኃ አፍልተህ፣ ዘይትና ሰሙን በሌላ ጣሳ አድርገህ በውኃው ሙቀት አቅልጥ። ሲበርድ ቅባት ይሆንልሃል። በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባ፣ 15 ደቂቃ ያህል ቆይተህ የተረፈውን ሙልጭ አድርገህ ጥረግ። ጥቂት ቀናት ሰጥተህ ድገም። ወፍራም ከቀባህ ለወራት ይጣበቅብሃል። ቡና የሚፈስበት ረከቦት ላይ ይኼ ጥሩ ነው፤ ሲደበዝዝ እንደገና መቀባት ነው። ለምግብ ጠረጴዛ ግን ቫርኒሽ ይሻላል።

በዚህ ላይ አጥብቀህ ስማኝ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ ላይ አትጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ይነድዳል። ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግተህ አስጣው ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው።

ስለ እማማ ያነሣኸው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ ደስ ብሎኛል በመጠየቅህ። ጎጃም ውስጥ ሰንበት ሰንበት ነው። ገበሬው በሬውን ፈትቶ የሚውልበትን ቀን አንተ መዶሻ ብታነሣበት፣ ነገሩ የድምፅ ብቻ አይሆንም። ተከራክረህ አታሸንፍም፤ ማሸነፍም የለብህም። እሑድን ተወው። ወሩ ውስጥ እማማ የሚያከብሩትን በዓል ጠይቃቸውና ግድግዳ ላይ ካለው ቀን መቁጠሪያ አክብበው። ቅዳሜንም “እማማ፣ ከሰዓት ትንሽ ብላግ ይቀየሙኛል?” ብለህ ጠይቃቸው። ሳይጠየቁ የሚቆጡ ሰዎች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። ከሥራ መልስ ደግሞ በሳምንት ሁለት ማታ አንዳንድ ሰዓት ይኑርህ። መሳል ድምፅ የለውም። መለካትና ማስመር ድምፅ የለውም። መሮንም በእንጨት መዶሻና በእጅ ግፊት ካሠራኸው ጎረቤትን ብዙ አይረብሽም። የእጅ መሣሪያ ያልኩህ ለዚህም ነው። የመጀመሪያዋን ረከቦት ለእማማ ብትሰጣቸው ደግሞ ምን ይመስልሃል? እኔ ብሆን እሰጣለሁ።

የተሰነጠቀውን ጠረጴዛ አትጣለው፣ አታንድደውም። አሁን ደርቋል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ሚስማሩን በጥንቃቄ ንቀል። ፊቱን በስንጥቁ መስመር ላይ በመጋዝ ክፈለው። የተነሣውን ጥግ ላግ፤ ብዙ ከተጠማዘዘ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀው፣ ጠባብ ጣውላ ላይ ጠማማነቱ ያንሳል። ጠርዞቹን አስተካክለህ ሁለቱን ጣውላዎች ገጥመህ ወደ ብርሃን ያዛቸው። በመካከላቸው ብርሃን ካላለፈ ኮላ ቀብተህ አጣብቅ። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይጠብብሃል፤ ግድ የለም። እግሮቹን በምላስና በጉድጓድ አድርገህ እንደገና ሥራቸው፣ ፊቱንም በሞላላ ቀዳዳ እሰረው።

ከመጀመርህ በፊት የጣውላዎቹን ጫፍ ቀረብ አድርገህ ፎቶ አንሣና ላክልኝ። ውፍረታቸውንም ጻፍልኝ። ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆኑ ሥሩ ላይ ምን ያህል ማገር እንደሚያስፈልግህ እነግርሃለሁ።